ሰርቨሩ በርቷል፣ ካውንተሩ ግን አልገናኝ ብሏል፦ የመደብር ዳታቤዝ ግንኙነት ሲቋረጥ ምን ከምን ቀጥሎ ይታያል

አዳማ ላይ የሕንፃ መሣሪያ፣ የመለዋወጫ ወይም የመድኃኒት ጅምላ መሸጫ ብትገቡ የኮምፒውተሩ አደረጃጀት ብዙም አይለያይም። ከፊት ካውንተሩ ላይ ሁለት ሦስት የሽያጭ ኮምፒውተሮች አሉ፤ ከኋላ መጋዘኑ ውስጥ አንድ፣ ፎቅ ላይ ሒሳብ ክፍል ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ይኖራሉ። የሽያጩ፣ የዕቃው ብዛትና የዱቤው መዝገብ በሙሉ የሚቀመጠው ግን በሒሳብ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ሥር ተሸጉጦ በሚያድር አንድ ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ፣ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራው የዳታቤዝ አገልግሎት መስኮት የለውም፤ ሲሠራም ሲቆምም ዝም ነው። ሕመሙ የሚታየው ሌላ ቦታ፣ ካውንተሩ ላይ ነው።

ያን ጊዜ «ሲስተም የለም» ይባልና ሰልፉ ይረዝማል። ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚወሰደው እርምጃ ከሁሉም የከፋው ነው፦ የሽያጭ ፕሮግራሙን ነቅሎ እንደገና መጫን። ትናንት ማታ ሲሠራ ያመሸ ፕሮግራም በአንድ ሌሊት በራሱ የሚበላሽበት ምክንያት እምብዛም ነው። የሚለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው፤ አድራሻው፣ መንገዱ፣ ፈቃዱ ወይም የዲስኩ ቦታ። እነዚህን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚለውጣቸው የመብራት መሄድና መምጣት ነው፤ መብራት ሲመጣ ራውተሩ፣ ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚገናኙበት ሳጥን)፣ ሰርቨሩና ካውንተሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ ግን እኩል አይደርሱም።

ለምሳሌነት የምወስደው በኡቡንቱ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝና ዊንዶውስ የተጫነባቸው የካውንተር ኮምፒውተሮችን ነው። የሰርቨሩ አድራሻ 192.168.1.10፣ ፖርቱ (ዳታቤዙ የሚያዳምጥበት የበር ቁጥር) 5432 ነው እንበል። የእናንተ ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ከሆነ ፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ 3306፣ የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ 1433 ነው። የፋይሎቹ ስም ይለያያል እንጂ የፍለጋው ቅደም ተከተል አይለወጥም። ትእዛዞቹን ለንባብ እንዲመቹ በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፣ የታች ሰረዙና ነጥቡም ባለበት ይቀመጣል።

ደረጃ 1፦ ከመነሣታችሁ በፊት በስልክ ጠይቁ

የመጀመሪያው ጥያቄ «ያቃተው ማንኛው ኮምፒውተር ነው?» የሚል ይሁን። አንዱ ካውንተር ብቻ ከሆነ ሰርቨሩን አትንኩት፤ ችግሩ ያለው በዚያ ኮምፒውተር ወይም በኬብሉ ላይ ነው። ሁሉም ከሆኑ ወደ ሰርቨሩ ወይም ወደ ስዊቹ ትሄዳላችሁ። በዋይፋይ የሚገናኙት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ዳታቤዙን ሳታዩት ጥፋቱ ከገመድ አልባው በኩል እንደሆነ አውቃችኋል። ይህ አንድ ጥያቄ የሥራውን ግማሽ ይቀንሳል፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ የስህተቱን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም እንዲልኩ ንገሯቸው። «የሆነ እንግሊዝኛ ጽፎ ወጣ» የሚለው መረጃ አይደለም። በሚቀጥለው ደረጃ እንደምናየው መፍትሔው ያለው እዚያች መስመር ውስጥ ነው።

ሦስተኛ፣ ከመቆሙ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁ። መብራት ሄዶ ነበር? አዲስ ራውተር ተገዝቷል? ጠረጴዛ ተነቅሏል? «ምንም አልነካንም» የሚል መልስ ከመጣ በአክብሮት ተቀበሉና የጠረጴዛውን ነገር ደግማችሁ ጠይቁ።

ሰዓቱንም ጠይቁ፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካሸሯ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ስትል በካውንተሩ ኮምፒውተር ሰዓት 09:00 ማለት ነው። ኡቡንቱ ሰርቨር ሲጫን የሰዓት ክልሉን ካልመረጡለት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይቆማል፤ እኛ ከዚያ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ያው ክስተት በሰርቨሩ የክስተት መዝገብ (ሎግ) ላይ 06:00 ተብሎ ይጻፋል። 3 ሰዓት ስለተባለ 03:00 ላይ ያለውን መስመር የሚያነብ ሰው የንጋቱን ሰላም ያነብና «ሰርቨሩ ጤነኛ ነው» ብሎ ይመለሳል። ይህን ለዘለቄታው ለማስተካከል በ«ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን» የአዲስ አበባን ክልል ስጡት። ፖስትግሬስ ግን ለመዝገቡ የራሱን ክልል ሲጫን ጽፎ ያስቀምጣልና በዋናው የቅንብር ፋይሉ ውስጥ «ሎግ_ታይምዞን» የሚለውንም ለብቻው መቀየር አለባችሁ፤ ያለዚያ የሰርቨሩ ሰዓት ተስተካክሎ የዳታቤዙ መዝገብ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ እንደቀረ ይኖራል።

ደረጃ 2፦ እንዴት እንደተከለከላችሁ አስተውሉ

የአንድን ግቢ በር ስታንኳኩ ወዲያው «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ከተባላችሁ ቤቱን አግኝታችኋል፣ ሰውየው ግን የለም። ማንም ሳይመልስ ቆማችሁ ከቀራችሁ በሩን ተሳስታችኋል፣ ወይም ዘበኛው እየሰማ ዝም ብሏል። «አለ፣ ግን አንተን አያስገባም» ከተባለ ደግሞ ጉዳዩ የፈቃድ ነው። የግንኙነት ስህተቶችም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

«ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የሚለው በቅጽበት ከመጣ ጥያቄው ሰርቨሩ ዘንድ ደርሶ ተመልሷል ማለት ነው። አድራሻውና ኬብሉ ደህና ናቸው፤ በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ አገልግሎት ግን የለም። ወደ ደረጃ 3 እና 4 ሂዱ።

ፕሮግራሙ ለብዙ ሰከንዶች ተንጠልጥሎ ቆይቶ «ታይምድ አውት» ካለ ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል። ፋየርዎል (የኔትወርኩ ዘበኛ) ውጦታል፣ አድራሻው ተቀይሯል፣ ወይም ካውንተሩ ሌላ ኔትወርክ ላይ ነው። ደረጃ 5ን ተመልከቱ።

ስለ ይለፍ ቃል፣ ስለ ተጠቃሚ ስም ወይም «ፒጂ_ኤችቢኤ» ስለሚባለው የፈቃድ ፋይል የሚያወራ ጽሑፍ ከመጣ ግን ደስ ይበላችሁ። የተናገረው ራሱ ዳታቤዙ ነው፤ ኔትወርኩ በሙሉ ይሠራል ማለት ነው። ደረጃ 6 ላይ እንገናኝ።

አንድ ሌላ አለ፦ «ዘ ዳታቤዝ ሲስተም ኢዝ ስታርቲንግ አፕ»። መብራት ድንገት ከሄደ በኋላ ዳታቤዙ ያልተጠናቀቁ ጽሑፎችን ከራሱ መዝገብ እያነበበ ሲጠግን የሚሰጠው መልስ ነው። ሕክምናው መታገሥ ብቻ ነው። በዚህ መሐል የሰርቨሩን ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት ጥገናውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል፤ ሰልፉ ቢረዝምም እጃችሁን ሰብስቡ።

ደረጃ 3፦ አገልግሎቱ በእርግጥ ተነሥቷል?

ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብዙዎች የሚጽፉት «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ፖስትግሬስኪውኤል» የሚለውን ነው። አረንጓዴ «አክቲቭ» ታያላችሁ። አትመኑት። ኡቡንቱ ላይ ይህ ስም ዋናውን አገልግሎት የሚጠራ ሽፋን ብቻ ነው፤ ከጎኑ «ኤግዚትድ» የሚል ታገኛላችሁ፣ ዳታቤዙ ሞቶም ቢሆን አረንጓዴነቱ አይለወጥም። እውነቱን የሚናገረው «ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ» የሚለው ትእዛዝ ነው። በአንድ መስመር ላይ የዳታቤዙን ስሪት፣ ፖርቱን፣ «ኦንላይን» ወይም «ዳውን» መሆኑንና መዝገቡ የሚጻፍበትን ፋይል ያሳያችኋል።

ይህ ዝርዝር ሁለት መስመር ካሳየ ቆም በሉ። አንድ ሰው ኡቡንቱን ሲያሻሽል አዲስ የፖስትግሬስ ስሪት አብሮ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ 5432 ተይዞ ስለሚያገኘው አዲሱ 5433 ላይ ይቀመጣል። ባዶ ዳታቤዝ አንዱ ጋ፣ የመደብሩ ሒሳብ ሌላው ጋ። ካውንተሩ ተገናኝቶ «እንዲህ የሚባል ዳታቤዝ የለም» ከተባለ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ፤ የመደብሩ ዳታ ጠፋ ብላችሁ ባለቤቱን አታስደንግጡ።

«ዳውን» ከሆነ ደግሞ እንደገና ለማስነሣት ከመሞከራችሁ በፊት የመዝገቡን የመጨረሻ መስመሮች አንብቡ፤ ከዚያም «ዲኤፍ -ኤች» ብላችሁ የዲስኩን ቦታ እዩ። ዲስኩ 100 በመቶ ሞልቶ ከሆነ ፖስትግሬስ መጻፍ ሲያቅተው ራሱን ያቆማል። የሚሞላው ብዙ ጊዜ በባክአፕ ነው፤ በየሌሊቱ እዚያው ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ይታዘዝና አሮጌውን የሚያጠፋለት ሰው ይጠፋል። አሮጌ ባክአፖችን ወደ ውጭ ዲስክ አዛውሩ። በዳታቤዙ ማኅደር ውስጥ «ፒጂ_ዋል» የሚባለውን ግን ቦታ ለማግኘት ብላችሁ በፍጹም እንዳትነኩት። ያልተጠናቀቀ ሒሳብ የሚጠገነው ከእሱ ነው። ይህ ማኅደር ቀድሞ «ፒጂ_ኤክስሎግ» ይባል ነበር፤ ሰዎች ተራ ሎግ እየመሰላቸው ይሰርዙት ስለነበር በ2017 በወጣው በ10ኛው ስሪት ስሙ ተቀየረ።

ደረጃ 4፦ ማንን ነው የሚያዳምጠው?

አገልግሎቱ «ኦንላይን» ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ሆናችሁ ስትሞክሩት ይሠራል፣ ካውንተሩ ግን በቅጽበት ይከለከላል። ይህ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም ሁኔታ ነው። «ኤስኤስ -ኤልቲኤን» ብላችሁ ጻፉና 5432ን ፈልጉ። ከፊቱ 127.0.0.1 ካለ ዳታቤዙ የሚሰማው ራሱን ሰርቨሩን ብቻ ነው። 0.0.0.0 ካለ ከየትም የሚመጣውን ይሰማል።

ፖስትግሬስ ሲጫን ለጥንቃቄ ሲባል ራሱን ብቻ እንዲያዳምጥ ተደርጎ ነው። የሚለወጠው ዋናው የቅንብር ፋይል ውስጥ «ሊስን_አድሬሰስ» በሚለው መስመር ነው። ፋይሉን አስተካክሎ «ሪሎድ» (አገልግሎቱን ሳያጠፉ ቅንብሩን ዳግም ማስነበብ) ማለት ለዚህ መስመር አይበቃም፤ አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ መነሣት አለበት። አስተካክዬዋለሁ እያሉ አሁንም ለሚቸገሩት ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። የማይክሮሶፍቱን ኤክስፕረስ ስሪት የምትጠቀሙ ደግሞ ቲሲፒ አይፒ ሲጫን ተዘግቶ እንደሚመጣ አስታውሱ፤ በኮንፊገሬሽን ማኔጀር ከፍታችሁ አገልግሎቱን እንደገና አስነሡ።

አሁን ከመብራት ጋር ወደሚያያዘው እንምጣ፣ ምክንያቱም ሰውን የሚያሳብደው እሱ ነው። ቅንብሩ ላይ ከ127.0.0.1 ጎን የሰርቨሩ አድራሻ፣ 192.168.1.10፣ በቀጥታ ተጽፏል እንበል። ለወራት ይሠራል። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ይመጣል። ሰርቨሩ ፈጣን ዲስክ ስላለው ቶሎ ይነሣል፤ ራውተሩ ገና መብራቶቹን እያብለጨለጨ ነው። ሰርቨሩ አድራሻ የሚቀበለው ከራውተሩ ከሆነ በዚያች ደቂቃ አድራሻ የለውም። ፖስትግሬስ «ይህን አድራሻ መያዝ አልቻልኩም» የሚል መስመር መዝገቡ ላይ ይጽፍና 127.0.0.1ን ብቻ ይዞ ሥራውን ይቀጥላል። አይወድቅም፣ አይጮኽም። ከደቂቃ በኋላ አድራሻው ይመጣል፤ ዳታቤዙ ግን ተመልሶ አይጠይቅም። ባለሙያው ደርሶ አገልግሎቱን አጥፍቶ ሲያስነሣው ይሠራል፣ «ተስተካክሏል» ተብሎ ይሄዳል፣ እስከሚቀጥለው የመብራት መቋረጥ።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ሁለቱንም አድርጉ። «ሊስን_አድሬሰስ» ላይ አድራሻ ከመጻፍ ይልቅ ኮከብ ምልክት አድርጉ፤ ያን ጊዜ አድራሻው ዘግይቶ ቢመጣም ያዳምጣል። ማን ይግባ የሚለውን ፋየርዎሉና የፈቃድ ፋይሉ ይወስኑት። ሰርቨሩንም ከራውተሩ አድራሻ ከመጠበቅ አውጡትና ቋሚ አድራሻ ራሱ ላይ ጻፉለት።

ደረጃ 5፦ በመካከል ያለው መንገድ

ከካውንተሩ ኮምፒውተር ላይ ትእዛዝ መስጫውን ከፍታችሁ «ፒንግ 192.168.1.10» በሉ። መልሱን ስታነቡ የመጨረሻውን ድምር ሳይሆን እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ዊንዶውስ «ሪፕላይ ፍሮም» ብሎ የራሳችሁን ኮምፒውተር አድራሻ ጽፎ ከጎኑ «አንሪቸብል» ሊል ይችላል፤ ታች ድምሩ ላይ ግን ምንም እንዳልጠፋ አድርጎ «0 በመቶ» ይጽፋል። ያ መልስ ከሰርቨሩ የመጣ አይደለም።

ፒንግ ኮምፒውተሩ መኖሩን እንጂ ዳታቤዙ መድረስ መቻሉን አይናገርም። ለዚያ ፓወርሼል ከፍታችሁ «ቴስት-ኔትኮኔክሽን 192.168.1.10 -ፖርት 5432» ጻፉ። የመጨረሻው መስመር «ትሩ» ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ «ፎልስ» ካለ ዝግ ነው። ከሽያጭ ፕሮግራሙ ጋር ከመጨቃጨቅ ይህን መጠየቅ ይሻላል፤ ፕሮግራሞች የስህተቱን ጽሑፍ በራሳቸው ቋንቋ አድበስብሰው ያቀርባሉ።

ፒንግ ከነአካቴው እምቢ ካለ አካሉን እዩ። የስዊቹ መብራት በርቷል? የኬብሉ ጫፍ ተላልቷል? የአዳማ ንፋስ የሚያመጣው አቧራ የኬብል መሰኪያ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል፤ መጋዘን ውስጥ ደግሞ አይጥ አለ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) ሰርቨሩን ብቻ ይዞ ስዊቹንና ራውተሩን ከተወ መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም ግንኙነት ይበጠሳል። ሁለቱ የሚወስዱት ኃይል ትንሽ ነውና አብራችሁ ሰኩላቸው።

አካሉ ደህና ከሆነ አድራሻው ነው። ሰርቨሩ ላይ «አይፒ ኤ» ብላችሁ አሁን የያዘውን ተመልከቱ። 192.168.1.10 የነበረው 192.168.1.14 ሆኖ ካገኛችሁት ራውተሩ አዲስ ሰጥቶታል። ቋሚ አድራሻ ስጡት ያልኩት ለዚህም ነው፤ ግን ራውተሩ ለሌሎች ከሚያድለው ክልል ውጭ ይሁን። ራውተሩ ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ 10 ነጻ ነው። ክልሉ ውስጥ የሆነ ቁጥር በእጃችሁ ከጻፋችሁ ግን አንድ ቀን ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለአንድ እንግዳ ስልክ ይሰጠዋል፤ ካውንተሩም አንዴ ይገናኛል፣ አንዴ ይቋረጣል። ይህን ለማረጋገጥ የሰርቨሩን ኬብል ንቀሉና ከካውንተሩ ፒንግ አድርጉ። አሁንም መልስ ከመጣ ሌላ ዕቃ በሰርቨሩ አድራሻ እየኖረ ነው።

ስለ ሁለተኛው ራውተር ልብ በሉ። የዋይፋዩ ሲግናል መጋዘን አልደርስ ይልና ሌላ ራውተር ተገዝቶ ይመጣል። የገዛው ሰው ኬብሉን ለኢንተርኔት በተለየችው፣ ብዙ ጊዜ ቀለሟ ከሌሎቹ በተለየችው ቀዳዳ ይሰካታል፤ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ይህ ራውተር ግን ከኋላው የራሱን ኔትወርክ ፈጥሯል። የሱም ክልል 192.168.1 ከሆነ መጋዘኑ ያለው ኮምፒውተር 192.168.1.10ን እዚያው አጠገቡ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ክልሉ የተለየ ከሆነ ከመጋዘን ወደ ሰርቨሩ መድረስ ይቻላል፤ ሰርቨሩ ራሱ ከሁለተኛው ራውተር ኋላ ከሆነ ግን ከፊት ያሉት ሁሉ በር ይዘጋባቸዋል። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ የሁለተኛውን ራውተር የራሱን አድራሻ ከዋናው የተለየ ነጻ ቁጥር አድርጉት፣ አድራሻ ማደሉን አጥፉበት፣ ከዚያ ኬብሉን ወደ ተራ ቀዳዳ አዛውሩት። ያን ጊዜ ራውተርነቱ ቀርቶ ዋይፋይ ማሠራጫ ብቻ ይሆናል። «ጌስት» የተባለ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ የተገናኘ ኮምፒውተርም ሰርቨሩን አያይም፤ የእንግዳ ዋይፋይ ዓላማው ይኸው ነው።

ፋየርዎል የመጨረሻው ነው። ኡቡንቱ ላይ «ዩኤፍደብሊው ስታተስ» ብላችሁ እዩ፤ 5432 ከሌለ ከ192.168.1.0/24፣ ማለትም በ192.168.1 ከሚጀምሩ አድራሻዎች፣ ለሚመጣ ብቻ ፍቀዱ። ዳታቤዙን ዊንዶውስ ላይ ያስቀመጣችሁ ሌላ ወጥመድ አለባችሁ። ዊንዶውስ ራውተር ሲቀየር ኔትወርኩን እንደ አዲስ ያየውና «ፐብሊክ» ብሎ ሊመድበው ይችላል፤ የፈቃዱ ደንብ የተጻፈው «ፕራይቬት» ለተባለው ከሆነ ደንቡ እያለ አይሠራም። የኔትወርኩን ዓይነት ወደ «ፕራይቬት» መልሱ። ፋየርዎሉን በሙሉ አጥፍቶ «ሠራ» ማለት ምርመራ ነው እንጂ ጥገና አይደለም፤ ለደቂቃ አጥፍታችሁ ከሞከራችሁ መልሳችሁ አብሩት።

ደረጃ 6፦ ፈቃድ

«ኖ ፒጂ_ኤችቢኤ.ኮንፍ ኤንትሪ ፎር ሆስት» የሚለው ስህተት ከሁሉም ይበልጥ የምወደው ነው፤ ምን እንደጎደለ ራሱ ይናገራል። ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ሰርቨሩ ያየው የጠያቂው አድራሻ ነው። 192.168.1 ብላችሁ ስትጠብቁ 192.168.0 ካያችሁ ካውንተሩ ያላሰባችሁት ኔትወርክ ላይ ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። አድራሻው ትክክል ከሆነ በፈቃድ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ሆስት»፣ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚው ስም፣ 192.168.1.0/24፣ ከዚያ የይለፍ ቃል ማረጋገጫ ዘዴው፣ «ስክራም-ሻ-256»። ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፣ ከሥሩ ያለው አይታይም። ለዚህ ፋይል «ሪሎድ» ይበቃል።

«ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን ፌልድ» ሲል የይለፍ ቃሉ ብቻ ላይሆን ይችላል። የተጠቃሚው ስም ጭራሽ ባይኖርም ለካውንተሩ የሚሰጠው መልስ ያው ነው፤ ሆን ተብሎ፣ ሌባ ስም እንዳይገምት። ልዩነቱን የሚጽፈው የሰርቨሩ መዝገብ ላይ ነው።

ሰርቨሩ ከታደሰ በኋላ አንድ አሮጌ ካውንተር «ኦተንቲኬሽን ሜተድ 10 ኖት ሰፖርትድ» ካለ ያ ኮምፒውተር ላይ ያለው ማገናኛ ድራይቨር አርጅቷል። ከ2021ዱ 14ኛ ስሪት ጀምሮ ፖስትግሬስ የይለፍ ቃልን በስክራም ይይዛል፤ አሮጌ ድራይቨር አያውቀውም። የፈቃድ ፋይሉን ወደ አሮጌው ዘዴ ወደ «ኤምዲ5» መመለስ ብቻውን አይረዳም፣ ቃሉ አስቀድሞ በስክራም ተቀምጧልና። ድራይቨሩን አድሱ።

ደረጃ 7፦ የሌሉ ሰዎች የያዙት ቦታ

መብራት ሄዶ ካውንተሩ ጠፋ፤ ሰርቨሩ ግን በዩፒኤስ ላይ ቆየ። ካሸሯ በዚያች ሰከንድ አንድ የሲሚንቶ ሽያጭ እያስገባች ነበር። ካውንተሩ «ደህና ሁን» ሳይል ስለሞተ ሰርቨሩ አሁንም እየጠበቃት ነው፤ የዚያን ሲሚንቶ መስመርም ቆልፎ ይዞላታል። መብራት መጥቶ ስትመለስ በሌላ ግንኙነት ትገባለች፤ ሲሚንቶ ስትሸጥ ግን ፕሮግራሙ ይንጠለጠላል። ብረት ስትሸጥ ይሠራል። «ሲሚንቶ ብቻ ነው እምቢ ያለኝ» የሚል ስልክ ሲመጣላችሁ አትሳቁ፤ ትክክለኛ ምርመራ ነው።

ሊኑክስ (ኡቡንቱ የተሠራበት ሥርዓት) ዝም ያለ ግንኙነት መሞቱን ለማጣራት በተለመደው ቅንብሩ 7200 ሰከንድ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ሙሉ ይጠብቃል፤ ከዚያም በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይሞክራል። መደብር ይህን አይችልም። በፖስትግሬስ ቅንብር ውስጥ «ቲሲፒ_ኪፕአላይቭስ_አይድል»ን 60፣ «ኢንተርቫል» የሚለውን 10፣ «ካውንት» የሚለውን 3 ብታደርጉት አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ውስጥ ይለቃል። ለአሁኑ ግን «ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ» የሚለውን ሰንጠረዥ ጠይቁ፤ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ተብሎ ለረጅም ጊዜ የቆመውን መስመር፣ የመጣበትን አድራሻና ቁጥሩን ያዙ፣ በ«ፒጂ_ተርሚኔት_ባክኤንድ» ያንን ቁጥር አሰናብቱ። ሲሚንቶው ወዲያው ይሸጣል። ያልተጠናቀቀው ሽያጭ ግን ተሰርዟል፤ ለካሸሯ ንገሯትና እንደገና ታስገባው።

«ቱ ሜኒ ክላየንትስ» የሚለውም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ፖስትግሬስ በተለመደው ቅንብሩ 100 ግንኙነት ይቀበላል፤ ከዚያ ውስጥ 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተያዙ ናቸውና ሁሉም ሲዘጋባቸው እናንተ አሁንም መግባት ትችላላችሁ። ስድስት ኮምፒውተር ያለው መደብር 100 ከሞላ ቁጥሩን ከማሳደግ በፊት ማን እንደያዘው ቁጠሩ። አብዛኛውን ጊዜ መስኮት በተከፈተ ቁጥር አዲስ ግንኙነት ከፍቶ የማይዘጋ ፕሮግራም ነው የምታገኙት፤ የሠራው ሰው ያስተካክለው።

ደረጃ 8፦ ከሞጆ ወይም ከአዲስ አበባ መግባት ሲፈለግ

ባለቤቱ ፍጥነት መንገዱን ይዞ አዲስ አበባ ይሄድና ማታ ላይ የቀኑን ሽያጭ ማየት ይፈልጋል፤ ወይም ሞጆ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ይከፈታል። ራውተሩ ላይ 5432ን ለዓለም ክፈቱ የሚል ምክር ከማንም ቢመጣ አትስሙ። ክፍት የዳታቤዝ ፖርት የሚፈልጉ ፕሮግራሞች ኢንተርኔትን ቀንና ሌሊት ያስሳሉ።

ለነገሩ ብትከፍቱትም ላይሠራ ይችላል። የራውተሩን የውጭ አድራሻ እዩ፤ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 መካከል ያለ ከሆነ አንዱን የውጭ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር ትጋራላችሁ፤ ከውጭ የሚመጣ ጥያቄ እናንተ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ምርጫው ከአገልግሎት ሰጪያችሁ ቋሚ የውጭ አድራሻ መጠየቅ፣ ወይም የውጭ አድራሻ ባለው አንድ ትንሽ የኪራይ ሰርቨር በኩል እንደ ዋየርጋርድ ያለ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መንገድ) መዘርጋት ነው። ዋየርጋርድ በተለምዶ በዩዲፒ 51820 ይሠራል። ከአድራሻ መጋራት ኋላ ያለው ሰርቨር መንገዱ እንዳይዘጋበት በየ25 ሰከንዱ ምልክት እንዲልክ «ፐርሲስተንት ኪፕአላይቭ» የሚለውን መስመር ጨምሩ፤ ይህ ካልተደረገ ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ዝም ይላል። የቪፒኤኑን የአድራሻ ክልልም በፈቃድ ፋይሉና በፋየርዎሉ ላይ ማስገባት አትርሱ።

ደረጃ 9፦ ሆን ብላችሁ መብራት አጥፉ

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ፣ መደብሩ ሲዘጋና ባክአፑ ወደ ውጭ ዲስክ ከተገለበጠ በኋላ፣ የካውንተሩን ኮምፒውተሮች ዝጉ፤ ሰርቨሩንም በወጉ አጥፉ። ከዚያ የሕንፃውን ዋና ማብሪያ አጥፉና ዩፒኤሱንም ዝጉ። ጥቂት ቆይታችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መልሳችሁ አብሩ። የሰርቨሩን ኪቦርድ አትንኩ። ሰርቨሩ መብራት ሲመጣ በራሱ ካልተነሣ ባዮስ (የኮምፒውተሩ የመነሻ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ ኃይል ሲመለስ እንዲበራ እዘዙት። ከዚያ ካውንተሩ ላይ ቁጭ ብላችሁ አንድ የሙከራ ሽያጭ አስገቡና ሰርዙት። ማንም ምንም ሳይነካ ካልገባ የስህተቱን ጽሑፍ ፎቶ አንሡና ከደረጃ 2 ጀምሩ፤ አሁን ሰልፍ የለም።